ጋሼ ራምጂ ሰፍተው የሰጡኝ አደራ

ሎስ አንጀለስ፣ ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ካለው የጨርቅ ሱቅ ሥራ የጀመርኩ ዕለት፣ ባለቤቷ እትዬ ዘሀራ ክብሪትና ሦስት ቁራጭ ጨርቅ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡልኝ። ከየጨርቁ ክር እየመዘዝኩ ለኮስኩ። ሁለቱ እንደ ወረቀት ነደው አመድ ሆኑ፤ አንዱ ቀልጦ ጠጠር ሆነ።

«ይሄኛው ናይለን ነው» አልኩ።

«ሶ፣ ከሰኞ ጀምሮ ገዢዬ ነህ» አሉኝ።

ገዢ ማለት ቦምቤይ ሄዶ ጣቃ ጨርቅ መርጦ በመርከብ የሚያስጭን ሰው ነው። ከተማዋን አውቃታለሁ። በንጉሡ ዘመን፣ ጢሜ ሳይበቅል፣ ከመርካቶ ነጋዴው አጎቴ ጋር ሄጃለሁ። አብዮቱ ሊፈነዳ ሲልም ብቻዬን ተመልሻለሁ። የጨርቅ ተራዋ ግፊያ፣ የሻይዋ ጣፋጭነት፣ ሁሉ ነገሯ ደስ ይለኝ ነበር። በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ ከሎስ አንጀለስ ስሄድ እሷ ያው ናት፤ እኔ ግን ፈሪ ሆኛለሁ።

ፓስፖርት አልነበረኝም፤ የያዝኩት የስደተኛ የጉዞ ወረቀት ነው። ሚስቴና ልጄ ካርቱም ሆነው የሚጠብቁት የቪዛ ጉዳይ የተከፈተው በእኔ ስም ነው። እኔ ከበር ከተመለስኩ እነሱም ቀሩ። ጨርቅ ስዳብስ እንኳ አንድ እጄ ወረቀቱ ካለበት ኪስ አይወጣም ነበር።

ቦምቤይ ጨርቅ የምገዛቸው ጋሼ ራምጂ መርካቶ ሠላሳ ዓመት ጨርቅ ሸጠው ከአብዮቱ በኋላ አገራቸው የገቡ ህንዳዊ ናቸው። አማርኛቸው ከእኔ ይጣፍጣል። ልመለስ ስል በአቡጀዲ ዙሪያውን የተሰፋ ጥቅል አስያዙኝ።

«ለዘሀራ ስጥልኝ። አደራ!»

ምን እንዳለበት አልጠየቅኩም። ወሎ ያደገ ሰው የተሰፋ አደራ አይጠይቅም፤ ሰጪውን መጠርጠር ነው።

ሎስ አንጀለስ የጉምሩክ ሠራተኛው ጥቅሉን አነሳና «የማን ነው?» አለኝ።

«የእኔ» አልኩ። አደራ እጅህ ከገባ ያንተ ነው፤ የሰው ነው ብሎ መሸሽ ነውር ነው።

«ውስጡ ምን አለ?»

«አላውቅም።»

ወረቀቴን ተቀብሎ የጎን ክፍል አስገባኝ። ስፌቱን በምላጭ ሲተረትሩት አረንጓዴ ዱቄት ፈሰሰ። ዱቄቱ እስኪመረመር ሦስት ሰዓት ተቀመጥኩ። የልጄን ፊት ለማስታወስ ብሞክር እምቢ አለኝ።

ሂና ነበር። ወረቀቴን መለሱልኝ፤ በቀጥታ ወደ ሱቁ ሄድኩ።

«እትዬ፣ ሂና መሆኑን ለምን አልነገሩኝም?»

«ለልጄ ሠርግ ነዋ! ቼክ ያደርጉታል ብዬ መች አሰብኩ? ደግሞ አንተስ ለምን አልጠየቅክም?»

በዓመቱ ቦምቤይ ተመለስኩ። ጋሼ ራምጂ ሌላ የተሰፋ ጥቅል ዘረጉልኝ።

«ይፍቱልኝ» አልኳቸው።

ፊታቸው ጠቆረ። «መርካቶ እንዲህ ያለኝ የለም። ጠረጠርከኝ?»

«ሚስቴና ልጄ ገና ካርቱም ናቸው፣ ጋሼ።»

መቀስ አነሱና ስፌቱን ተረተሩ። ትንሽ የልጅ ቀሚስ ወጣ።

«ይሄኛው ለዘሀራ አይደለም» አሉ። «ልጅህ ስትመጣ ትልበሰው ብዬ ነው።»

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ልጄ በመጨረሻ ስትደርስ ደግሞ ቀሚሱ ጠቧት ነበር።

ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ ተመላልሻለሁ፤ አንድም ጥቅል ግን ሳይፈታ አልተቀበልኩም። ጋሼ ራምጂም መርፌና ክሩን አዘጋጅተው ይጠብቁኝና ካየሁት በኋላ ይሰፉት ነበር። እዚህ ሥራ ለምትገቡ የምነግራችሁ ይህን ነው፦ አደራ ስትቀበሉ አስፈቱ። ያሳፍራል። ቢሆንም አስፈቱ።