አባቴን ያስቀመጥኩበት ሶፋ

የሄድኩ ዕለት ምሽት አምቦ ባለው ቤታችን ሳሎን ውስጥ አንድም ባዶ ወንበር አልነበረም። መኪናው ደጅ ቆሞ ጡሩምባውን ይነፋል፤ ሾፌሩ ጊንጪ ላይ ጭጋግ ሳይወርድ እንለፍ እያለ ይነጫነጫል፤ እኔ ደግሞ ከአንዱ ሽማግሌ ጉልበት ወደ ሌላው እየዞርኩ እመረቃለሁ። ምርቃት ደስ ይላል፤ ግን የእኛ አካባቢ ሽማግሌዎች አጭር ምርቃት የሚባል ነገር አያውቁም። አንዱ በአማርኛ ጀምሮ በኦሮምኛ ይጨርሳል፤ ሌላው ያንኑ በኦሮምኛ ጀምሮ በአማርኛ ይደግመዋል። በመሃል ቁጭ በይ ሲሉኝ ከአባቴ ወንበሮች በአንዱ ላይ ቁጭ አልኩ፤ እንደ ልማዱም ጀርባዬን ወጋኝ።

እነዚህን ወንበሮች ላስተዋውቃችሁ። አባቴ ኦቦ ደበላ እርጅና ቤት እስኪያስቀምጠው ድረስ እህል ነጋዴ ነበር። እናቴን፣ ነፍሷን ይማርና፣ ሲያገባ ጉደር ባለ አናጺ ከዋንዛ ያሠራቸው ናቸው። ጀርባቸው ቀጥ ያለ፣ ከፍ ያሉ፣ መደገፊያ ክንዳቸው ሰፊ። መቀመጫቸው ላይ ያለችው ትራስ በስም ብቻ ትራስ ናት፤ ውስጧ ያለው ጥጥ እኔ ሳልወለድ ደርቋል። እናቴ በየጀርባቸው ዳንቴል ጣል አድርጋባቸው ነበር፤ እሱም ዓይን እንጂ ወገብ አያሳርፍም። ለአባቴ ምቾት ማለት የማይነቃነቅ ነገር ነው። እኔና ታናሽ እህቴ ሀዊ ግን ልጆች ሆነን ከወንበሮቹ ይልቅ ምንጣፉን እንመርጥ ነበር። ያን ምሽት ሀዊን በር ላይ አቅፌ፣ እግዜር ካለ መጀመሪያ የምልክልሽ ሶፋ ነው አልኳት። እያለቀሰች ሳቀች።

ባለቤቴ ገመቹ ቀድሞኝ ጀርመን ስለገባ እኔ የሄድኩት በቤተሰብ ማገናኘት ነው። ባሕር አልተሻገርኩም፣ በረሃ አላቋረጥኩም፤ ወረቀት እስኪያልቅ መጠበቅ ብቻ ነው ያስረጀኝ። ስለዚህ ከኔ የባሰ ያያችሁ እህቶቼና ወንድሞቼ፣ ታሪኬ የቅንጦት መስሎ ቢታያችሁ አልፈርድባችሁም። የደረስኩ ቀን ገመቹ የቀዳልኝ ውሃ ጋዝ ያለው ነበር። እዚህ ሰው ሁሉ ሳይታመም፣ ሳይጠግብ፣ እንዲሁ በየቀኑ ጋዝ ያለው ውሃ ይጠጣል። በውሃ እንኳ እኛ አምቦዎች ቀድመናቸዋል ብዬ ትንሽ ተጽናናሁ። ዳቦአቸው ግን ጥቁርና ጠንካራ ነው፤ የአባቴን ወንበር አስታወሰኝ።

ቤቱ ውስጥ አንድ ፍራሽና አንድ ጠረጴዛ ነበር። ለአዲስ መጪ የዕቃ ድጋፍ ይሰጣል ተብሎ ቢሮ ሄድን። ሰውየው ትሁት ነው፤ ፈገግ እያለ ነው የሚከለክላችሁ። እሱ ይጠይቃል፣ ገመቹ ያስተረጉማል፣ እኔ እመልሳለሁ።

«ቤቱ ውስጥ የሚኖረው ስንት ሰው ነው?»

«ሁለት።»

«እንግዲያው ሁለት ወንበር።»

«እንግዳ ሲመጣስ?»

«እንግዳው የት ነው የሚኖረው?»

«በራሱ ቤት።»

«እንግዲያው ወንበሩ እዚያ አለው።»

ገመቹ ይህንን ሲያስተረጉምልኝ ድምፁ ውስጥ ሳቅ ነበረበት፤ እኔ ግን ያን ቀን አልሳቅሁም። ማታ ለአባቴ በስልክ ስነግረው፣ ሰውየው ዘመድ የለውም እንዴ፣ አይዞህ በሉት አለኝ።

መፍትሔው መንገድ ላይ ተገኘ። ሽፐርሙል የሚሉት ነገር አላቸው። በተቀጠረ ቀን ሰው ሁሉ የማይፈልገውን ትልልቅ ዕቃ ደጅ ያወጣል፤ መኪና መጥቶ እስኪወስደው ያየ የወደደውን ያነሳል። እኛ ሀገር አንድ አልጋ ከአያት ለልጅ፣ ከልጅ ለልጅ ልጅ ይተላለፋል፤ እዚህ አልጋው ገና በአፍላው ጎዳና ይወጣል። አንድ ቡናማ ሶፋ አየሁ። ወፍራም፣ ክንዱ እንደ ድንች ጆንያ ያበጠ። ተቀመጥኩበት፤ ሰመጥኩ። ገመቹን፣ ይኼን ጥለህ ብትሄድ እኔም እዚሁ እቀራለሁ አልኩት።

ተሸክመን ደረጃው መሃል ስንደርስ የቤቱ ባለቤት ፍራው፣ ማለትም ወይዘሮ፣ ክራውዘ ብቅ አሉ። ነጭ ፀጉራቸው በወጉ የተቀረጸ፣ ሰዓታቸውን ሁልጊዜ የሚያዩ ሴትዮ ናቸው። ከሰባት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሩሄ ነው አሉ፤ ሩሄ ማለት ጸጥታ ነው፤ በዚያ ሰዓት ዕቃ ማንቀሳቀስ ክልክል ነው። ገመቹ፣ እሜቴ፣ ሶፋው እኮ መንገድ ላይ ነው ያለው፣ ወይ ይውጣ ወይ ይውረድ አላቸው። እንደቆመ ይቆይ አሉ። እኛም ደረጃው መሃል አረፍ ያለ ቦታ ላይ አስቀምጠነው፣ ምን እናድርግ፣ ተቀመጥንበት። ዘጠኝ ሰዓት እስኪሞላ የሕንፃው ነዋሪ ሁሉ በፊታችን አለፈ። ለወራት አንገቱን ደፍቶ የሚያልፈው ጎረቤት ሁሉ ያን ቀን ሰላም አለን። ቤታችን ገብተው የማያውቁ ሰዎችን እዚያ ደረጃ ላይ ሳሎን ከፍተን ተቀበልናቸው።

ልጃችን ሲፈን እዚሁ ተወልዳ አደገች። እሷ ደግሞ ሶፋው ላይ አትወጣም። ወለሉ ላይ ተቀምጣ ሶፋውን ትደገፈዋለች፤ ለሷ ሶፋ ማለት የጀርባ ግድግዳ ነው። አባቴ በቪዲዮ አይቷት፣ ልጅቷን ምን አድርጋችሁ ነው ከወንበር ያወረዳችኋት ብሎ ተቆጣ። እኔ በበኩሌ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ሥራ ይዤ ቀኑን ሙሉ ሰው ሳነሳና ሳስተኛ ውዬ ስገባ፣ ያ ሶፋ ሲውጠኝ፣ ምነው አባቴም ይኼን ባየ እል ነበር። እድሜውን በዋንዛ እንጨት ላይ የጨረሰ ሰው።

እንዳልኩትም አደረግሁ። ለሀዊ ገንዘብ ላክሁላትና፣ አንቺው ምረጪ አልኳት። ሀዊ ክሊኒክ ውስጥ ትሠራለች፣ ስልኳ በሳሎን ፎቶ የተሞላ ነው፤ የኔን ቡናማ ሶፋ በቪዲዮ ስታይ፣ ለሊሴ የሚለውን ስሜን አሳጥራ፣ ለሊ፣ ይኼ ያሮጌ ሰው ነው ብላ የምትስቅ ልጅ። የመረጠችው አመድማ፣ ኤል ሼፕ የሚሉት ማዕዘን ላይ የሚታጠፍ ሶፋ ነው፤ ዝቅ ያለ፣ ጥልቅ፣ ክንድ የሚባል ነገር የሌለው፣ ፊቱ ወደ ቴሌቪዥን የዞረ። በአይሱዙ ተጭኖ ከአዲስ አበባ መጣ። ወንበሮቹ ጓሮ ወዳለው የድሮ የእህል መጋዘን ተጋዙ። አባቴን በቪዲዮ አሳየችኝ። መሃሉ ላይ ሰጥሞ፣ ጉልበቱ ከሆዱ በላይ ወጥቶ፣ ነጠላውን እያስተካከለ መረቀኝ። እንተለ ኮ፣ ልጄ፣ እግዜር ያሳርፍሽ እንዳሳረፍሽኝ አለኝ። እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ከዚያ በኋላ አንድ ነገር ተለወጠ። በፊት እሑድ ስደውል አባቴ ሁለት ቃል ተናግሮ፣ ሰው አለ ብሎ ስልኩን ለሀዊ ያቀብላት ነበር። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ጓደኞቹ፣ በተለይ ኦቦ ቱሉ የሚባሉት የልጅነት ባልንጀራው፣ እየመጡ ስለሚያወጉ ነው። አሁን ግን አንድ ሰዓት ሙሉ ያወራኛል። ነግሮኝ የማያውቀውን ይነግረኛል። ጎረምሳ ሳለ እህል ሊገዛ በበቅሎ ሸነን የሚባል አገር እንደወረደ፣ ዝናብ ይዞት ያደረበት ቤት ውስጥ እናቴን እንዳያት፣ እሷ ግን ፊቷን እንዳዞረችበት። ታሪኩን በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ ይቀጥለዋል። እኔም ቡናማው ሶፋ ላይ እግሬን አጥፌ እሰማለሁ። ሶፋው አባቴን ወሬኛ አደረገው ብዬ ለገመቹ አወራሁ። ምቾት ሲያገኝ ሰው ልቡን ይከፍታል ብዬ ተፈላሰፍኩ።

አንድ እሑድ ግን ታሪኩን አቋርጦ፣ ዛሬ ከጧት ጀምሮ ከአንቺ በቀር ያናገረኝ ቴሌቪዥኑ ብቻ ነው አለኝ። እየቀለደ ነው ያለው። ኦቦ ቱሉስ አልኩት። ሥራ በዝቶበት ይሆናል አለ። ኦቦ ቱሉ ከሥራ ከተሰናበቱ ዘመን ሆኗቸዋል። ሀዊን ስጠይቃት፣ ሽማግሌዎቹ ከመጡ ስንት ወር ሆናቸው፣ እሱም ምግብ ቀንሷል፣ እርጅና ነው አለች። የዚያን ቀን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። በማግስቱ የኦቦ ቱሉን ስልክ ከሀዊ ተቀብዬ፣ በምሳ ሰዓቴ ከመጦሪያው ልብስ ማጠቢያ ክፍል ሆኜ ደወልኩ። ሰላምታው ረጅም ነው፤ ስለ ባለቤቴ፣ ስለ ልጄ፣ ስለ ብርዱ ጠይቀው ሲጨርሱ፣ ምነው ከቤታችን ጠፉ አልኳቸው።

«ልጄ፣ ሶፋሽ መልካም ነው» አሉኝ። «መግባቱ ቀላል ነው፤ መውጣቱ ነው ያስቸገረን።»

ቀስ ብለው ነገሩኝ። አንድ እሑድ ሁሉም ሶፋው ላይ ሰጥመው ሲጫወቱ የንስሐ አባታችን መስቀላቸውን ይዘው ገቡ። እንደ ወጉ ሁሉም «ኖር» አሉ። ግን ማንም አልተነሳም፤ መነሳት አልቻሉማ። ክንድ የለው፣ ምን ተይዞ ይነሳል። ኦቦ ቱሉ ሁለቴ ተነሳሁ ብለው ተመልሰው ገቡ። ሦስተኛው ላይ የአባቴን ትከሻ ሲይዙ ሁለቱም ተያይዘው ወደ ኋላ ተንጋለሉ። ቄሱም የሚሉት ጠፍቷቸው፣ «ተቀመጡ፣ ተቀመጡ» አሉ፤ ለተቀመጡ ሰዎች።

«ቄስ ቆሞ እኛ ተንጋለን» አሉኝ ኦቦ ቱሉ። «ሰው ሲገባ ካልተነሳሁ ምኑን ሽማግሌ ሆንኩ? እንዲያ ከምሆን ቤቴ ልዋል አልኩ። ሌሎቹም እንደኔው።»

«ለአባዬ ለምን አልነገራችሁትም?»

«እንዴት ብለን? ልጄ ከሰው ሀገር ለፍታ የላከችው ነው እያለ የገባውን ሁሉ ያስመርቅሻል። የልጅን ስጦታ ማን ይነቅፋል?»

ስልኩን ስዘጋ መጀመሪያ ሳቄ መጣ፤ ሁለት ሽማግሌ እግራቸውን ወደ ላይ አድርገው ታዩኝ። ቀጥሎ ልቅሶዬ መጣ። በየቀኑ የማነሳቸው አዛውንቶች ሁሉ የሚቀመጡት ከፍ ባለ፣ ክንድ ባለው፣ ደረቅ ወንበር ላይ ነው። ራሳቸው ተደግፈው እንዲነሱ ነው። ይኼን በየቀኑ እያየሁ አባቴን ጉድጓድ ውስጥ ከትቼዋለሁ።

ሀዊ ቀላል አልነበረችም። ወንበሮቹን መልሺ ስላት፣ «ለሊ፣ ቤቱ የሽማግሌ ብቻ ነው እንዴ? እኔም ጓደኞች አሉኝ። እነዚያን ካስገባሁ ሳሎኑ ቀበሌ ይመስላል» አለችኝ። እውነቷን ነው። ከአባቴ ጋር የምትኖረው እሷ ናት፣ እኔ የምኖረው ስልክ ውስጥ ነው። ብዙ ተከራክረን፣ ሶፋው ለሁለት የሚነጠል ስለሆነ ረጅሙ ወደ ክፍሏ እንዲገባ፣ አጭሩ ሳሎን ጥግ እንዲቀር ተስማማን። አባቴ ግን እሺ የሚል አልመሰለንም፤ ስጦታዬን የገፋ እንዳይመስልበት። ስለዚህ ደወልኩና ዋሸሁ።

«አባዬ፣ የምሠራበት ቤት ያለው ሐኪም አዛውንት ለስላሳ ሶፋ ላይ እንዳይቀመጥ ከልክሏል።»

«የጀርመን ሐኪም?»

«የጀርመን ሐኪም።»

«ያየው የኔን ጉልበት ነው ወይስ የቱሉን?»

ውሸቴ ቢገባውም አላሳፈረኝም። ሐኪም ካለማ ምን ይደረጋል፣ ቶሌ፣ ይሁን አለ። ቀጥሎም ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ቅር እንዳይልሽ ልጄ፣ በጣም ለስላሳ ነበር፣ እኔ ነኝ ያልቻልኩበት አለኝ።

በሚቀጥለው እሑድ ቤቱን አጽድቼ፣ ሻይዬን ይዤ፣ እግሬን አጥፌ ደወልኩ። አባቴ በሸነኑ ታሪክ ውስጥ እናቴ ፊቷን መልሳ ያየችው ቦታ ላይ ደርሶ ነበር ያቆመው፤ ሳምንቱን ሙሉ ምን ብላው ይሆን ስል ነው የከረምኩት። ስልኩ ሲነሳ ጫጫታው ጆሮዬን ሞላው። ወንበር ሲጢጥ ይላል፣ ኦቦ ቱሉ በኦሮምኛ ይከራከራሉ፣ ሌላው በአማርኛ ይስቃል። የአባቴ ድምፅ በዓሥር ዓመት ወጣት ሆኗል። ደህና ነሽ፣ ልጅቷስ፣ እኛ ደህና ነን አለኝ። የጀመርክልኝን ጨርስልኛ አባዬ አልኩት፤ ራሴን ሰማሁት፣ ልጅ ነው የመሰልኩት።

«ለሊሴ፣ ነገ ደውይ። ሰው መጥቷል» አለና ዘጋው።

ደስ ብሎኛል፤ እውነት ደስ ብሎኛል። ግን አልደብቃችሁም፣ ያቺ እሑድ እሑድ የማገኛት አንድ ሰዓት የሱ ብቸኝነት እንደነበረች ባውቅም፣ ናፈቀችኝ። ነገ ሰኞ ነው። ሰኞ ደግሞ እኔ ሥራ ነኝ።