ከሥሩ ያላየሁት መኪና

ከበረዷማው ሰሜን ወደ በረሃማዋ ከተማችን ስለሚመጡ መኪኖች ለአማርኛ ጋዜጣችን የጻፍኩት እኔ ነኝ። እዚያ ክረምት ሲገባ በረዶውን ለማቅለጥ መንገዱ ላይ ጨው ይበተናል። ጨዉ ከመኪናው ሥር ተለጥፎ ብረቱን ይበላል፤ ከላይ ቀለሙ ያብረቀርቃል። ጽሑፉን «ከመግዛታችሁ በፊት መሬት ላይ ተኝታችሁ እዩ» ብዬ ነበር የጨረስኩት።

ጎረቤቴ ይህን አንብባ መጣች። ዳውንታውን ሆቴል ውስጥ ክፍል ታጸዳለች፤ ከሰፈራችን ከማውንተንስ ኤጅ በሁለት አውቶቡስ ነው የምትሄደው። ሺፍቷ ወደ ንጋት ሲዞር አውቶቡሱ አላደርስ አላት። ሁለት ጊዜ አረፈደች፤ በሦስተኛው እንደምትሰናበት ነግረዋታል።

«ጋሼ፣ መኪና አግኝቻለሁ። እርስዎ ይዩልኝ፤ ሰው ማፋጠጥ ያውቁበታል።»

ሻጩ ከሰሜን፣ ከሚኒያፖሊስ የተዛወሩ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ነበሩ። ባልና ሚስት ሲጣሉ የሚያስታርቁት እሳቸው ናቸው። እሁድ ከአምልኮ በኋላ ፓርኪንጉ ላይ አገኘናቸው። ስንት ማይል ሄደ? ተጋጭቷል? ወረቀቱ በማን ስም ነው? ሁሉንም መለሱ፤ ሁሉንም ቼክ አደረግሁ፤ ሁሉም እውነት ነበር። የቀረው መሬት ላይ መተኛት ብቻ ነው። ግን ሽማግሌው ቆመው እያዩኝ ከመኪናቸው ሥር መግባት «ውሸታም ነዎት» ከማለት በምን ይለያል? ሱፍም ለብሼ ነበር። ይህን እንደ ምክንያት አልቆጥረውም፤ ግን ለብሼ ነበር።

ከዚያ ጸለይንበት። ሦስታችንም እጃችንን ኮፈኑ ላይ ጭነን፣ ዐይናችንን ጨፍነን።

በገዛችው በሳምንቱ ጎማ ተነፈሰባት። ጎሚስታው በክሪክ ሊያነሳው ሲሞክር መኪናው ከፍ አላለም፤ ክሪኩ ብረቱን በስቶ ወደ ውስጥ ገባ። ጎሚስታው ያገራችን ሰው ነው። ቅርፊት የመሰለ ዝገት በእጁ ይዞ፣

«ይሄን ማን ነው ያየልሽ?» አላት።

«ጋዜጠኛ ናቸው።»

«እሱማ ያስታውቃል።»

ወደ ሽማግሌው ቤት ሄድን። ችግሩ፣ በእኛ ቤተ ክርስቲያን እንዲህ ያለውን ጉዳይ የሚዳኙት እሳቸው ራሳቸው መሆናቸው ነው። እሳቸው ግን ችግሩ አልታያቸውም፤ ተቀመጡና ዳኝነቱን ጀመሩ።

«እኔ አልዋሸሁም። ጋዜጠኛው አንተ ነህ፤ ከሥሩ እንዴት ነው ብለህ ጠየቅኸኝ?»

«አልጠየቅሁም።»

«ለምን?»

«እርስዎን አክብሬ ነዋ።»

«እንግዲህ አክባሪው አንተ፣ ተከባሪው እኔ፣ አውቶቡስ ጠባቂዋ እሷ!»

ትንሽ አሰቡና ፈረዱ። መኪናውን መልሰው ይወስዳሉ፤ ገንዘቧንም ዛሬውኑ ይሰጧታል። እኔ ደግሞ ሌላ መኪና እስክታገኝ ንጋት ንጋት ሥራ አደርሳታለሁ። ይግባኝ አላልኩም፤ ፍርዱ በማስረጃ የተደገፈ ነበር።

ሁለት ወር አደረስኳት፤ አንድም ቀን አላረፈደችም። ቅዳሜ ቅዳሜ መኪና እናያለን። ከመኪናዬ የኋላ ወንበር የማይለይ ካርቶን አላት፤ አስፋልቱ ላይ ዘርግታ ከሥር ትገባለች። ሻጩ ዘመድ ይሁን አገልጋይ ግድ የላትም።

ባለፈው ሎን ማውንተን ሰፈር የመጋቢያችንን አማች መኪና ልናይ ሄድን። እግሮቿ ብቻ ከሥር ወጥተው ሲያይ ሰውየው ፊቱ ጠቆረ።

«አታምኑኝም እንዴ?»

«እናምንሃለን» አልኩና የእጅ ባትሪውን ወደ ታች አቀበልኳት።

ብረቱን ከጫፍ እስከ ጫፍ አንኳኳች። ከዚያ ከመኪናው ሥር፣

«ጋሼ፣ ከሰኞ ጀምሮ ንጋት ላይ እንቅልፍዎን ይተኙ» የሚል ድምፅ መጣ።