ሁለት ቀን ያቆየነው ውሃ

የያዙኝ ቦት ጫማዬ ጭቃ እንደያዘ ነው። ከመቐለ ወጣ ብሎ ካለ ግድብ የውሃ ቀንድ አውጣ ለቅሜ ስመለስ ኬላ ላይ ፈታሾች ከመኪና አስወረዱኝ። ደብተሬ ላይ የግድቡ አቀማመጥ በቁጥር ተጽፏል።

«ይሄ ለማን ነው?»

«ለቢልሃርዚያ ጥናት» አልኩ። ቃሉን ሁለት ጊዜ አስደገሙኝና ጻፉት። የሰው ስም መስሏቸው ይሆናል።

ያስገቡኝ ክፍል የእህል መጋዘን የነበረ ነው። መስኮት የለውም፤ ከጣሪያው ሥር ጡብ የምታህል አንዲት ቀዳዳ ብቻ አለች። አውሮፕላን ወደ ማረፊያው ሲወርድ ቆርቆሮው ይርገበገባል። ከእኔ ጋር ዐሥራ ሁለት ሴቶች ሆንን። የደሴ ልጅ መሆኔን ከአነጋገሬ ያወቁ አንዲት አዛውንት ምንጣፋቸው ላይ ቦታ ለቀቁልኝ፤ «ነዒ፣ ጓለይ፣ እዚህ ተቀመጪ» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። ሁሉም በትግርኛ «አደይ»፣ እናቴ፣ ይሏቸዋል። የታሰሩት «ልጄ ያለበትን አልናገርም» ብለው ነው።

ለመጠጥ በቀን አንድ ጀሪካን ይሰጡናል፤ ለመታጠቢያ ግን ጠብታም አልነበረም። በዘጠነኛው ቀን ጠዋት ጠባቂዎቹ በርሜል አስገቡና ከውጭ ከቆመ ቦቴ ቱቦ ስበው ሞሉልን። አንዷ አለቀሰች። በሩ ሲዘጋ ማን ይቅደም በሚል ክርክር ተነሣ። እኔ በመሐል ጎንበስ ብዬ በርሜሉን አየሁ።

ከውሃው በላይ፣ በዝገቱ ላይ፣ ጠፍጣፋ ቅርፊቶች ቀስ እያሉ ይወጣሉ። እንደ በግ ቀንድ የተጠቀለሉ፣ ከትንሽ ጣት ጥፍር የማይበልጡ። ድምፅም አላቸው፤ ጠብ… ጠብ… ይላሉ። አየር ለመሳብ ብቅ ሲሉ የሳንባቸው ቀዳዳ ሲከፈት ነው። ላብራቶሪ ውስጥ ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ። እዚያ ግን ጠጉሬ ቆመ። ተከትለውኝ የመጡ መሰለኝ።

«አትንኩት!» አልኩ።

እጄን በፌስታል ጠቅልዬ አንዱን አነሣሁና ሲሚንቶው ላይ በጫማዬ ጨፈለቅሁት። ቀይ ወጣው።

«ደም አለው እንዴ?» አሉ አደይ።

«አለው። ወገኖቹ ብዙ ናቸው፣ አደይ። ሞለስክ ይባላሉ፤ አጥንት የላቸውም። ባሕር ውስጥ ስምንት ክንድ ያለው አለ፤ በሁለት ክዳን ራሱን የሚዘጋም አለ። የብዙዎቹ ደም ወደ ሰማያዊ ይሄዳል። የዚህኛው ቤተሰብ ግን እንደኛ ቀይ ነው።»

የሚሸከመውን የቢልሃርዚያ ትልም ነገርኳቸው። ብርሃን ሲያገኝ ትሉ ከቀንድ አውጣው ይወጣል፣ ውሃው ውስጥ ይዋኛል፣ ቆዳ በስቶ ይገባል፤ በዓይን አይታይም። ቀንድ አውጣዎቹን ለቅመን ውሃውን ሁለት ቀን ብናቆየው ግን ትሉ ይሞታል። ሁሉም በርሜሉን ያያሉ። ዘጠኝ ቀን ሙሉ ገላቸው ውሃ ያልነካ ሴቶች ናቸው። በመጨረሻ አደይ ፌስታሉን ከእጄ ተቀበሉና መልቀም ጀመሩ።

እኩለ ቀን ላይ የቀዳዳዋ ብርሃን በግድግዳው ወርዶ በርሜሉ ላይ አረፈ። ሳንነጋገር ሁላችንም ወደ ማዶው ግድግዳ ሸሸን። ውሃው ጥርት ብሎ ያበራል፤ ምንም አይታይበትም። ያስፈራንም እሱ ነው። ከእኛ ጋር የታሰረች የወሎ ነጋዴ ለሶላቷ በውሃ ውዱ ማድረግ ትታ በምትኩ አቧራማውን ግድግዳ በመዳፏ መታ አደረገችና ፊቷንና እጆቿን አበሰች።

ከሰዓት በኋላ ኃላፊው መጣ። በርሜሉ እንደሞላ ነው።

«ለምንድነው የማትታጠቡት? አድማ ነው? ማነው ያሳመጻችሁ?»

ዓይኑ እኔ ላይ ቆመ።

«አንቺ፣ ባለ ቀንድ አውጣዋ። ነይ፣ እጅሽን አስገቢ።»

ተነሣሁ። ሦስት እርምጃ እንደተራመድኩ አደይ መጥተው በእኔና በበርሜሉ መሐል ቆሙ።

«አደይ፣ ዞር ይበሉ» አለ። እዚያ ቤት ውስጥም «አንቺ» ሊላቸው አልደፈረም።

«ኣይፋልን፣ ወደይ» አሉት በለሆሳስ፤ አይሆንም፣ ልጄ ማለታቸው ነው። «መጀመሪያ አንተ ታጠብ።»

ኃላፊው እጅጌውን ሰበሰበ። ጎንበስ አለ። ለቅመን ያልጨረስናቸው ከታች እየወጡ ነበርና በጸጥታው ውስጥ ጠብ… ጠብ… ይሰማል። እጁ ከውሃው አንድ ስንዝር በላይ ቆየ። ከዚያ እጅጌውን ወደ ታች መለሰ፤ ወጣና በሩን ዘጋ።

የቀሩትን በዚያው ምሽት ለቅመን በሦስተኛው ቀን ታጠብን። አደይ ለሁላችንም በጣሳ እየቀዱ አፈሰሱልን፤ እሳቸው የታጠቡት መጨረሻ ላይ ነው።

አሁን ተፈትቼ ወደ ሥራዬ ተመልሻለሁ። ቀንድ አውጣ እየጨፈለቅሁ በማይክሮስኮፕ አያለሁ። አብዛኞቹ ትል የለባቸውም፤ ይህን ያን ጊዜም አውቅ ነበር። ባለፈው ዓመት አደይን መቐለ፣ ሮማናት አደባባይ አጠገብ አገኘኋቸውና ለማንም ያልተናገርኩትን ነገርኳቸው።

«አደይ፣ ትሉ ላይኖርበት ይችል ነበር። በዚያ ሙቀት ሁለት ቀን በከንቱ አቆይቻችሁ ይሆናል። እርግጠኛ አልነበርኩም።»

አስፋልቱ ዳር ቆም አሉ።

«ኃላፊውስ እጁን ሲመልስ መች እርግጠኛ ነበረ፣ ጓለይ?» አሉ። ክንዴን ያዙና፣ ባጃጆቹ እስኪያልፉ ጠብቀን፣ አስፋልቱን አብረን ተሻገርን።