ወንድም ጋሼን ከመቂ ለማምጣት

ማክሰኞ ጠዋት ከናዝሬት የተነሳሁት ታላቅ ወንድሜን ከመቂ ለማምጣት ነው። ለጎረቤት «ሽንኩርት ልገዛ ነው» አልኩ። እውነቱን ብናገር የምንመለስበት የግቢ በር ይዘጋብን ነበር። ወንድሜ የጭነት መኪና ሾፌር ነው፤ አዲስ አበባ ተመርምሮ «ኤድስ ይዞሃል» ተብሏል። ያን ጊዜ፣ በደርግ መጨረሻ፣ ስለ በሽታው የምናውቀው ስሙንና ፍርሃቱን ብቻ ነበር።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ጣቴን መርፌ የማይወጋበት ቀን የለም። ስለዚህ ወደ መናኸሪያ ከመሄዴ በፊት ጤና ጣቢያ ገባሁና ነርሱን ጠየቅሁት።

«ወንድሜን ላጥበው ነው። ይቺ የመርፌ ቀዳዳ ታስይዘኛለች?»

ጣቶቼን አገላብጦ አየ። «ደርቆ የዳነ ጭረት አያስገባም። በላብ፣ በምራቅ፣ አብሮ በመብላትም አይተላለፍም። የሚያሰጋው ደሙ ትኩስ ቁስልሽን ከነካው ነው። ቁስልሽን በፕላስተር ሸፍኚ፤ ደም ካየሽ ጓንት አድርጊ፤ ድንገት ከነካሽም ቶሎ በሳሙናና በውሃ ታጠቢ።» አንድ ጥንድ ጓንት በጋዜጣ ጠቅልሎ ሰጠኝ።

ሞጆ

ኬላው ላይ ሁላችንም ወርደን ተፈተሽን። ፈታሹ ጓንቴን አንጠልጥሎ «ሐኪም ነሽ?» አለኝ።

«ልብስ ሰፊ ነኝ።»

«ጓንትም ትሰፊያለሽ?»

ተሳፋሪው ሳቀ። እኔም ሳቅሁና ጓንቴን ተቀብዬ ተሳፈርኩ።

ቆቃ ላይ ልጆች በገመድ የተሰካ ዓሣ ወደ መስኮታችን ዘረጉ። ዓለም ጤና ስንደርስ ሙቀቱ ባሰ፤ ከሰል ሻጮቹ ከፍየሎቻቸው ጋር ግራር ሥር ተጠልለዋል። እንቅልፍ ሲያንገላጅጀኝ መቂ ደረስን።

መቂ

ደላሎች ቲማቲም እያስጫኑ ይጯጯሃሉ። በእነሱ መሃል አልፌ የወንድሜን አከራይ አዴ ፋጡማን አገኘሁ።

«አካም ጅርታ ልጄ? ምግቡን በር ላይ አስቀምጥለታለሁ። ከዚያ አላልፍም፤ ልጆች አሉኝ። አላህ ይቅር ይበለኝ» አሉ፤ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። አልተቀየምኳቸውም። እየፈሩም እህል አልነፈጉትም።

ወንድም ጋሼ አልጋው ላይ ተቀምጧል፤ አጥንቱ ብቻ ቀርቷል። ልስመው ስጠጋ ወደ ግድግዳው ሸሸ።

«እቴ፣ አትንኪኝ! ጣትሽን አውቀዋለሁ። በእኔ የተነሳ ልትሞቺ ነው?»

«ነርሱን ጠይቄ ነው የመጣሁት።»

«ነርሱ አንቺን ቢያጣ ምን ይሆናል? የማጣሽ እኔ ነኝ።»

 መላ የሰጠኝ ሥራዬ ነው። የሙሽራ ነጭ ልብስ ከመያዜ በፊት ሁልጊዜ ጣቶቼን በሎሚ አሻለሁ፤ የሚያቃጥለኝን ጣት እጠቀልለዋለሁ፤ ልብሱን ደም እንዳይነካው። ሎሚ መድኃኒት አይደለም፤ ዓይኔ ያላየውን ቀዳዳ ግን ያሳየኛል። ከአዴ ፋጡማ ሎሚ ለምኜ እዚያው ፊት ለፊቱ ጣቶቼን አሸሁ። አውራ ጣቴና ሌባ ጣቴ አቃጠሉኝ። ታጥቤ፣ አድርቄ፣ በፕላስተር ጠቀለልኳቸው።

«ሌሎቹስ?» አለ፤ ዓይኑን ከእጄ ሳይነቅል።

«ሌሎቹ ደህና ናቸው።»

 ሳፋ ላይ ውሃ ሞልቼ ሳቀርብለት እግሩን ዘረጋልኝ። ገላው ላይ ቁስልም ደምም ስላላየሁ ጓንቱን አልፈለግሁትም። ጀርባውን ሳሽለት አለቀሰ፤ የሰው እጅ ካረፈበት ቆይቶ ነበር። እኔም አለቀስኩ።

መልስ

ውሸቴ እንዲሞላልኝ ሽንኩርት ገዛሁና ተሳፈርን። አውቶቡስ ውስጥ እንዳይነካኝ ተኮራምቶ ተቀመጠ። ናዝሬት ስንገባ ጀምበር አዘቅዝቃለች። ጎረቤቶቼ ሽንኩርቱ ስንት እንደሆነ ብቻ ጠየቁኝ።

ሽሮ ሠርቼ አቀረብኩ። «ለእኔ ለብቻ አውጪልኝ» አለ። ያን ቀን የገባኝ ነገር ቢኖር፣ መጠንቀቅ ሌላ፣ መሸሽ ሌላ መሆኑ ነው። የሚያሰጋውን በፕላስተር ሸፍኜዋለሁ፤ የቀረው ፍርሃት ነው፤ እሱን ደግሞ በትሪ ለይቼ አላቀርብም። እንጀራውን በሽሮ ጠቅለል አድርጌ ወደ አፉ ዘረጋሁ። እጄን አየ፤ ፊቴን አየ። እጄ በአየር ላይ እስኪዝል ጠበቅሁት። በመጨረሻ አፉን ከፈተ።

አላምጦ እስኪውጥ ቀና ብዬ አላየሁትም።

«እቴ» አለኝ፤ «አንድ ጉርሻ ያጣላል። ድገሚኝ እንጂ።»