ንግሥቲቱ የተበላች ዕለት

ዛሬ ፒያሳ ላይ ሽማግሌዎች ዳማ ሲጫወቱ አየሁና ቆምኩ። ቆርኪው ሰሌዳው ላይ ጧ ሲል የዚያ የቼዝ ውድድር ቀን ትዝ አለኝ።

መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመቱ ነበር። እኔ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ሆኜ፣ በቼዝ ውድድር ፍጻሜ ደሴን ወክዬ ከኮምቦልቻው ሻምፒዮን ፊት ተቀምጫለሁ። አዳራሹ ጢም ብሏል። ጎረቤታችን ጋሽ ይማም ከፊት ናቸው። የሰኞ ገበያ የዳማ ንጉሥ ናቸው፤ ቼዝ ግን በዕድሜያቸው አይተው አያውቁም።

የኮምቦልቻው ተጋጣሚዬ ድንገት ንግሥቱን አምጥቶ ፈረሴ አፍ ሥር አስቀመጣት። ተሳስቶ ነው ወይስ ወጥመድ? ሰዓቴ ይሮጣል።

«ብያት!» አሉ ጋሽ ይማም ብድግ ብለው። «ወላሂ፣ መብላት ግዴታ ነው! ካልበላች ፈረሷን አንሱባት!»

በዳማ ሕጉ እንደዚያ ነው፤ መብላት እያለ ያልበላ ጠጠሩ ይነሳበታል። ሕዝቡ በሳቅ ፈነዳ። ዳኛው ክንዳቸውን ይዞ አስወጣቸው፤ እሳቸው ግን በመስኮት ብቅ ብለው «አብሽሪ ልጄ!» ይሉኛል።

በላኋት። ወጥመድ አልነበረም። አሸነፍኩ፤ አዳራሹ በእልልታ ተናጠ።

ተጋጣሚዬ እጄን ጨብጦ፣ «ሽማግሌው ባይጮሁ ትበያት ነበር?» አለኝ። እጄ የተነሳው ከጩኸቱ በፊት ይሁን በኋላ አላውቅም።

ፒያሳ ላይ አንዱ ቆርኪ ለመበላት ተጋልጧል። «ብላ እንጂ!» አለ አንድ ተመልካች። ጎንበስ ብዬ ሳይ እጄ ከኪሴ ወጥቶ ወደ ሰሌዳው ተዘርግቷል። መቼ እንደወጣ ግን ዛሬም አላየሁትም።