ሞክሼ ፊደላት

ዳንግላ ላለ አንድ የግል ክሊኒክ የካርድ መፈለጊያ ፕሮግራም የሠራሁት እንጅባራ ተቀምጬ ነው። ካርድ ክፍል ያለው ኮምፒውተር ዊንዶውስ ነበር። መርፌ ክፍል ያለው ግን አርጅቶ ዊንዶውስ ስለከበደው በምትኩ ቀለል ያለውን ሊኑክስ ጫንኩበት። አንድ ጊዜ ጽፌ በሁለቱም ላይ ሲነሣልኝ ሳምንቱን ሙሉ ደረቴን ነፍቼ ዞርኩ። ሞኝ ነበርኩ።

ያስቸገረኝ የገዛ ፊደላችን ነው። ያንኑ ስም አንዱ በሃሌታው ሀ፣ ሌላው በብዙኃኑ ኀ ይጽፈዋል። ለሚያነበው ሰው ለውጥ የለውም፤ ለኮምፒውተር ግን ሁለት ሰዎች ናቸው። ስለዚህ ሞክሼዎቹን እንደ አንድ የሚቆጥር ኮድ ጨመርኩ። በዊንዶውስ ሠራ። በሊኑክስ ግን ፕሮግራሙ ሲነሣ ይህ ኮድ ብቻ ሳይነሣ ይቀር ነበር፤ መቅረቱንም አይናገርም። አላወቅኩም። መርፌ ክፍል የሞከርኩት የራሴን ስም ጽፌ ነው፤ በስሜ ውስጥ ደግሞ አንድም ሞክሼ ፊደል የለም።

አንድ እሁድ፣ ካርድ ክፍሉ ዝግ ሆኖ፣ ከአዘና በኩል የመጣች የሁለት ልጆች እናት ጉሮሮዋን ታማ ገባች። የድሮ ካርዷ ላይ «ፔኒሲሊን አይስማማትም» የሚል ቀይ ጽሑፍ አለ፤ ስሟ የተመዘገበው በብዙኃኑ ነው። የመርፌ ክፍሏ ነርስ እዚያው ባለው ኮምፒውተር በሃሌታው ፈለገቻት። «የለም» አላት የእኔ ፕሮግራም። አዲስ ካርድ ከፈተችላት፤ አዲሱ ላይ ምንም ቀይ የለም። ተረኛው ሐኪም ያዘዘውን ፔኒሲሊን ወጋቻት። ሴትዮዋ ከዚያ ክፍል በእግሯ አልወጣችም።

በማግሥቱ ተጠርቼ ሄድኩ። ማንም ሳይጠይቀኝ መርፌ ክፍል ገብቼ ስሟን በሁለቱም ፊደል ሞከርኩና ገባኝ። በሩን ዘግቼ ኮዱን አስተካከልኩ። ሃያ ደቂቃ እንኳ አልፈጀብኝም።

ከዚያ የክሊኒኩ ባለቤትና የሟች ባል ገቡ፤ ነርሷ ከኋላቸው።

«ፈልጌያት ነበር እኮ፤ የለም ነው ያለኝ» አለች።

«እስቲ ትናንት እንደጻፍሽው አሁን ጻፊው» አሏት ባለቤቱ።

በሃሌታው ጻፈች። የድሮው ካርድ ከነቀይ ጽሑፉ ብቅ አለ።

«ይኸው አለ አይደል!» ባለቤቱ ወደ እኔ ዞሩ። «ፕሮግራምህ ይሠራል?»

«ይሠራል» አልኳቸው። ያን ሰዓት እውነት ነበር።

ባልየው አንገቱን ደፍቶ በአገውኛ የሆነ ነገር አጉተመተመ። ነርሷ ግን አልተከራከረችም። ያ ነው እስከ ዛሬ የሚያሳፍረኝ። ብትጮህ፣ ብትሰድበኝ ኖሮ እናገር ነበር እላለሁ፤ እሱንም እንጃ፣ ፈሪ ነኝ። እሷ ዓይኗን ከኮምፒውተሩ ሳትነቅል ድምጿን ዝቅ አድርጋ፦

«ሳልፈልጋት ነው ማለት ነው የወጋኋት?» ብላ እኔን ጠየቀችኝ።

ዝም አልኳት። አመነች።