የቀትር ርክክብ

ዝናብ የነካው የሱፍ ካፖርት እሳት አጠገብ ሲደርቅ የሚያወጣው ሽታ አለ፤ ግማሹ የበግ፣ ግማሹ የአቧራ። ባለፈው ሰኞ የእናቴን ካፖርት ወንበር ላይ አንጠልጥዬ ወደ ከሰሉ ሳስጠጋው ያ ሽታ አፍንጫዬን ሞላውና፣ ሮቤ ያደግሁበት ቤት፣ የቆርቆሮ በራችንና በሩ ላይ ቆመው የሚጠብቁን አያቴ አንድ ላይ መጡብኝ።

እናቴ ጎባ፣ አንድ መዝገብ ቤት ውስጥ ትሠራ ነበር። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ የሚኒባሱ ረዳት «ጎባ! ጎባ!» እያለ ሲጣራ ሻይዋን ቆማ ጨልጣ፣ ነጠላዋን መንገድ ላይ እያስተካከለች ትሮጥ ነበር። አባታችን አንገቱ በምትባል ሩቅ ከተማ መምህር ስለነበር የሚመጣው በወር አንድ ጊዜ ነው፤ ሲመጣም ግማሹን ጊዜ ይተኛ ነበር። አባባ የምንላቸው የእናቴ አባት ጎባ ውስጥ ሠላሳ ዓመት የዕቃ ግምጃ ቤት ጠብቀው ጡረታ የወጡ ሰው ሲሆኑ፣ ከእኛ ጋር መኖር የጀመሩት ከሰል አቀጣጥለው ረስተውት ቤታቸው ለጥቂት ከመቃጠል ከተረፈ በኋላ ነው። ከዚያ ወዲያ ብቻቸውን መተው የማይታሰብ ሆነ፤ እናቴም ሥራዋን መተው አትችልም ነበር።

መላውን ያገኘችው በእኛ ትምህርት ቤት በኩል ነው። የምንማረው በፈረቃ ሲሆን ጠዋቱና ከሰዓቱ በየአሥራ አምስት ቀኑ ይቀያየር ነበር፤ እሷም መስከረም ላይ ሄዳ፣ ዳይሬክተሩን ምን ብላ እንደለመነችው እንጃ፣ እኔንና ታናሽ ወንድሜን ዳዊትን በተለያየ ፈረቃ አስመደበችን። አንዳችን ስንሄድ አንዳችን እቤት እንቀር ነበር። ቀትር ላይ አንዱ እየሮጠ ሲገባ ሌላው እየሮጠ ይወጣል፤ አባባ ደግሞ ካፖርታቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው በሩ ላይ ቆመው «አንድ ገቢ፣ አንድ ወጪ» ይሉ ነበር። ያለ ርክክብ ከግምጃ ቤት ምንም አይወጣምና፣ እኔ ካረፈድኩ ዳዊትን ኮሌታውን ይዘው ያቆሙት ነበር፤ እሱም እዚያው እየተነጫነጨ ይጠብቀኛል።

እኔ ነገር መመርመር የምወድ፣ ጥያቄዬ የማያልቅ ልጅ ነበርኩ። እናቴ ጠዋት ጠዋት ጮክ ብላ «አባባ፣ ልጆቹን አደራ» ትላለች፤ እሳቸውም «ሂጂ ልጄ፣ እኔ እያለሁ» ይሏታል። ከዚያ በሩ ጋ ስትደርስ ወደ ጆሯችን ጎንበስ ብላ «አያታችሁን አደራ» ትለን ነበር። እና ማን ነው ማንን የሚጠብቀው? አንድ ቀን ይህንኑ ስጠይቃት «ሁላችሁም» ብላኝ ሚኒባሱን ልትደርስበት ሮጠች። ኅዳር ላይ፣ ከከተማው ዳር የኮምባይነሩ ድምፅ እየተሰማና ነፋሱ የስንዴ እብቅ ግቢያችን ውስጥ እየበተነ፣ አባባን ራሳቸውን ጠየቅኋቸው።

«ግምጃ ቤት ጠባቂ ምን ምን እንደያዘ ለመንገደኛ አይናገርም» ብለውኝ ሳቁ። እኛም እንደምንጠብቃቸው ይወቁ አይወቁ ከፊታቸው ላነብ ብሞክርም አልቻልኩም።

በልጉ ገብቶ ዝናቡ በጀመረበት ሰሞን፣ ፈረቃ ሊቀየር ሲል፣ አርብ ዕለት መምህራችን «እናንተ ፈተና ስላለባችሁ ሰኞም በጠዋት ነው የምትመጡት» አለን። ሱዚ ስዘልል ዋልኩና ለእናቴ ሳልነግራት ቀረሁ። ትዝ ያለኝ ሰኞ ጠዋት፣ እሷ ጎባ ከሄደች፣ ዳዊትም ወደ ትምህርት ቤት ከወጣ በኋላ ነው። ፊት ለፊታችን ሱቅ ያላቸው፣ በክፉ ቀን የምንጠራቸው እማማ ሩቂያም ለዚያራ ወደ ሼክ ሁሴን መካነ መቃብር ተጉዘው ነበር። ቤቱ መሀል ቆሜ አሰብኩ። ከክፍሌ አንደኛ እወጣ ነበርና ፈተናው እንዲያመልጠኝ አልፈለግሁም። አባባ ሬዲዮኑ አጠገብ እንቅልፍ ወስዷቸዋል። ከሰሉን ደጅ አውጥቼ ውሃ ደፋሁበት፣ በሩን እንዳይንኳኳ ቀስ ብዬ ስቤ ሄድኩ።

ስድስት ሰዓት ላይ ስመለስ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል፣ ወንበሩም ባዶ ነው። ዳዊት ሲደርስ በዝናቡ ውስጥ እየሮጥን ሰፈሩን አዳረስነው፤ በመጨረሻ መናኸሪያ ስንደርስ አንዱ ረዳት ለይቶ አወቃቸው።

«ካፖርት የለበሱት ሽማግሌ፣ ጃርሳው? ጎባ አድርሻቸዋለሁ እኮ! ‹ልጆች ጠፉብኝ› እያሉ ያለቅሱ ነበር። ግቡ፣ ግቡ!»

እናቴ ቢሮ ስንደርስ አባባ ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፣ ከካፖርታቸው ውሃ ይንጠባጠባል። እናቴ እግራቸው ሥር ተንበርክካለች። አለቃዋ በሩ ላይ ቆሞ ሰዓቱን ያያል፤ እሷ ግን ቀና ብላ አላየችውም።

«ሁለቱም ያለ ርክክብ ወጡብኝ» ይላሉ አባባ። «አደራ ብለሽኝ ነበር እኮ።»

ከዚያ አዩን። ተነሥተው እርጥብ እጃቸውን በየተራ አናታችን ላይ እያደረጉ «አንድ ገቢ። ሁለት ገቢ» አሉ። ጥፋቱ የእኔ መሆኑን እያለቀስኩ ተናገርኩ። እናቴ አፏን ከመክፈቷ በፊት አባባ ቀደሟትና «እሷን እንዳትቆጪያት፤ የተኛው ጠባቂው ነው» አሏት። ቢገርፉኝ ይሻለኝ ነበር። ዛሬም ሳስበው ያሳፍረኛል።

በማግሥቱ እናቴ ምን እንደምትል ለማየት ጓጉቼ በጠዋት ተነሣሁ። ረዳቱ እየተጣራ ወደ አባባ ዞራ በዚያው ድምፅ «አባባ፣ ልጆቹን አደራ» አለች። እሳቸውም ካፖርታቸውን እስከ አንገታቸው ቆለፉ። ከሁለት ዓመት በኋላ ሲያርፉ፣ ይወቁ አይወቁ የሚለው ጥያቄዬም ሳይመለስ አብሯቸው ተቀበረ።

አሁን እኔ ሮቤ ውስጥ ላቦራቶሪ እሠራለሁ፤ ሁለቱ ልጆቼ እንደ እኛው በፈረቃ ይማራሉ፣ መርሳት የጀመረችው እናቴም ከእኔ ጋር ናት። የተለወጠው ነገር ቢኖር እናቴ መዝገብ ላይ አቀርቅራ ቀኑን ሙሉ በሐሳብ ታልቅ የነበረች ሲሆን፣ እኔ ግን በየሰዓቱ እየደወልኩ ማለቄ ነው። ባለፈው ሰኞ ልጆቹ ዘገዩብኝ ብላ በዝናብ በሩ ላይ ቆማ አገኘኋት፤ ካፖርቷን ያደረቅሁትም ለዚያ ነው።

በማግሥቱ ወደ ሥራ ስወጣ «እማዬ፣ ልጆቹን አደራ» አልኳት። ከዚያ በሩ ጋ ወደ ልጄ ጆሮ ጎንበስ ብዬ የምላትን አልኳት። ቀና ስል እናቴ የደረቀውን ካፖርቷን እየቆለፈች ታየኛለች።

«ቀስ ብለሽ ንገሪያት» አለችኝ። «አባባም ይሰሙ ነበር።»